በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለጓሮ አትክልት የሚሆን ከፍ ያለ መደብ አሠራር

በግብርናው ቋንቋ መደብ የሚባለው ለዘር ወይም ለችግኝ ተለይቶ የተዘጋጀ የአፈር ክፍል ሲሆን፣ እንደ አገሩ ጠባይ ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ ወይም ከመሬት እኩል የሆነ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ መደብ በይበልጥ የሚታወቀው ውሃ በሚበዛበት ሥፍራ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በመረሬ አፈር ላይ በእጃቸው መደብና ቦይ የሚያወጡት የክረምቱ ውሃ ከሰብሉ ሥር እንዲጠነፈፍ ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የአል ዐይን የቴምር እርሻዎች፣ በፈለጅ ቦይ የሚመጣው ውሃ የሚለቀቀው በአነስተኛ የአፈር ክትር ወደታጠሩ ዝቅ ያሉ መደቦች ነው። አትክልቱና የከብት መኖው የሚበቅለውም በቴምሩ ጥላ ሥር ነው።

ታዲያ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው መደቡን ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ጨው ነው። በተለይ ለባሕር ቅርብ በሆኑ ሠፈሮች የመሬቱ አሸዋ ጨዋማ ከመሆኑም በላይ ከሥር ያለው እርጥበት በሙቀቱ እየተሳበ ሲወጣ ጨውን ይዞ ይመጣል። በአረብኛ «ማይ ሕልው»፣ ቃል በቃል ሲተረጎም «ጣፋጭ ውሃ»፣ የሚባለው ጨው የሌለበት ውሃ ነው፤ በአትክልት መሸጫዎች «ጣፋጭ» ተብሎ የሚሸጠው አሸዋም እንዲሁ ጨው የሌለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት የብዙ ቤቶች ግቢ በሸክላ ንጣፍ ወይም በሲሚንቶ የተሸፈነ መሆኑ ነው። ከፍ ያለ መደብ ባለቤቱ መርጦ ያመጣውን አፈር ከሥሩ ካለው መሬት ይለያል። ነገር ግን ከአራቱም ጎኑ ንፋስና ፀሐይ ስለሚያገኘው ከተራ መሬት ፈጥኖ ይደርቃል፣ ፈጥኖም ይግላል። ስለዚህ ለዝናባማ አገር የተነደፈን መደብ እንዳለ ወስዶ እዚህ መሥራት ጉልበትና ውሃ ማባከን ይሆናል።

መፍትሔው ሁለቱን ልማዶች ማገናኘት ነው፤ ግድግዳው ከፍ ይላል፣ አፈሩ ግን ከግድግዳው ጫፍ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ መሐሉም በመጠኑ ጎድጎድ ብሎ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ወደ ውጭ ሳይፈስ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ግድግዳውም ለጨቅላ ችግኞች ከንፋስ መከላከያ ይሆናል።

ስፋቱን መወሰን ቀላል ነው። የሰው እጅ ያለ ችግር የሚደርሰው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሁለት ወገን የሚሠራበት መደብ ከ1 ሜትር ከ20 መብለጥ የለበትም። ከግድግዳ ጋር የሚጠጋ ከሆነ ግማሹ ይበቃዋል። ጥልቀቱን የሚወስነው የሚተከለው አትክልት ነው። ለሰላጣ፣ ለድንብላልና ለመሳሰሉት 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ካሮት 30 ይፈልጋሉ፤ ቲማቲም እስከ 45 ቢያገኝ ይመረጣል።

ግድግዳውን ለመሥራት በዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚሻለው ብሎኬት ነው። ርካሽ ነው፣ ምስጥ አይበላውም፣ ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ ሲያስፈልግ ሊፈርስ ይችላል። በቀን የሚሰበስበው ሙቀት እንዳይበዛ በተለይ የምዕራቡ ጎን ነጭ ቢቀባ ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ለዓይን ቢያምርም ፀሐይ ሲመታው ከጎኑ ያለውን ሥር ያቃጥላል። ከዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት የሚሠራ ሰው ደግሞ በእንጨቱ ላይ የታተመውን ምልክት ማየት ይገባዋል፤ «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት በሙቀት ብቻ መታከሙን ሲያመለክቱ፣ «ኤም ቢ» የሚሉት ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ መታጠኑን ስለሚያመለክቱ ለምግብ ተክል አይመረጥም። ምልክት የሌለውንም መተው ይሻላል።

ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከአፈሩ በፊት ክብደቱን ማስላት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ የራሰ አሸዋማ አፈር ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 ሆኖ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደብ 864 ሊትር አፈር ይይዛል፤ ይህም ውሃ ከጠጣ በኋላ ብሎኬቱ ሳይቆጠር ወደ 1,300 ኪሎ ግራም፣ በካሬ ሜትር 450 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል በብዙ የምህንድስና ደንቦች የሚታሰበው ተጨማሪ ጭነት ግን በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በሕንፃ ላይ የሚሻለው ጥልቀታቸው ከ20 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በኮኮናት ቃጫና በፐርላይት የተሞሉ፣ አነስተኛና ተለያይተው የሚቀመጡ ሣጥኖች ናቸው። ቲማቲሙ ለምድር ቤት ይቀራል። የጣሪያው ውሃ መከላከያ እንዳይበላሽ ሣጥኖቹ በእግር ላይ ሊቆሙና የሚንጠባጠበው ውሃም ወደ አሸንዳው ሊመራ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ግን የሕንፃው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ሲፈቅድና ስለ ጭነቱ የሚያውቅ መሐንዲስ ሲጠየቅ ነው። በአሠሪው ግቢ ለሚኖር ሠራተኛም ቢሆን ቦታውን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣውን ውሃ ጭምር አስቀድሞ ማስፈቀድ ይበጃል፤ የውሃ ሒሳብ በወሩ መጨረሻ ይመጣልና።

ለመሬት መደብ የሚስማማ ድብልቅ ከሁለት እጅ የታጠበ አሸዋ፣ ከአንድ እጅ በሚገባ ከበሰለ ብስባሽ እና ከአንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ይዘጋጃል። ቃጫው ራሱ ጨው ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ ውሃ እየተለወጠ ይዘፈዘፋል። ያልበሰለ የፍየል ወይም የግመል ፍግ በጨውም በአረም ዘርም የተሞላ ስለሆነ በቀጥታ አይጨመርም። ጨዋማ መሬት ላይ በሚሠራ መደብ ከአፈሩ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ቢነጠፍ ከሥር የሚሳበውን ጨው ይገታል። በሲሚንቶ ላይ ለሚሠራው ግን ጠጠሩ ጥልቀት ከመቀነስ በቀር የሚፈይደው የለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው በግድግዳው ግርጌ የሚተው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳው ለብዙዎች ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። ይሁንና መደብን ቀስ በቀስ የሚገድለው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ መርጨት ነው። ውሃው ይተናል፣ በውስጡ ያለው ጨውና ከማዳበሪያው የተረፈው ግን ይቀራል፤ ከወራት በኋላ በአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል፣ የቅጠሉም ጠርዝ ያራል። ተክሉ የተጠማ ስለሚመስል ውሃው በዚያው ልክ በጥቂቱ ይጨመርለታል፤ ጉዳቱም ይብሳል። ስለዚህ አጠጣጡ ጠለቅ ያለ መሆን አለበት፤ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱም አንድ ጊዜ ውሃው በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ተጠጥቶ ጨው ይታጠባል። በጠዋት የሚከፈት የጠብታ መስኖና በላዩ የሚደረግ የገለባ ጉዝጓዝ ትነቱን ይቀንሳሉ። ከማቀዝቀዣ ማሽን የሚንጠባጠበው ውሃ ጨው ባይኖረውም ከብረት ቱቦዎቹ ጋር ስለሚነካካ ለአበባ እንጂ ለሚበላ አትክልት አይመከርም።

ስለ ፀሐዩም ቦታው በደንብ ይመረመራል። በአቡ ዳቢ ኬክሮስ ላይ 2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ከ2 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ከአጥሩ በስተሰሜን ተጠግቶ የተሠራ መደብ እንግዲህ በዋናው የምርት ወቅት ፀሐይ አያገኝም ማለት ነው። በደቡቡ ወገን ሲሠራ ግን ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያገኛል፤ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ከ35 እስከ 50 በመቶ ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ ይዘረጋለታል። የመረቡን ቋሚዎች ከመደቡ ጋር አብሮ መትከል በኋላ ከመፍረስ ያድናል።

የወቅቱ አቆጣጠር ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ግራ ሊያጋባ ይችላል። በአገር ቤት ዘር የሚበቅልበት ክረምት እዚህ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። ችግኝ በጥላ ሥር የሚፈላው በመስከረም፣ ወደ መደቡ የሚዛወረው በጥቅምት ሲሆን፣ የጎመን፣ የሰላጣ፣ የቀይ ሥርና የካሮት ምርት እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ቲማቲም የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባውን ስለሚያረግፍ ፍሬው ከዚያ በፊት መያዝ አለበት። ከሻንጣ ውስጥ የአገር ቤት ዘር ለማምጣት የሚያስብ ሰው ደግሞ ዘር ድንበር ሲሻገር በአብዛኛው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንደሚጠየቅበት ማወቅ ይኖርበታል።

በበጋው ሐሩር ባሚያና መሉኪያ ከሚተከልበት በቀር መደቡን ማሳረፍ ይሻላል። ያረፈው አፈር በሚገባ ጠጥቶ በስስ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጠርዙም በአፈር ተደፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቆይ፣ ያው ሙቀት የአረሙን ዘርና ሥር የሚያሳብጠውን ጥቃቅን ትል ይቀንሳል። ላስቲኩ በነሐሴ መጨረሻ ከተነሣ በኋላ አፈሩ አንድ ጊዜ እስከ ታች በውሃ ይታጠብና አዲስ ብስባሽ ተጨምሮበት ለመስከረሙ ችግኝ ይዘጋጃል።