ጥርስ፣ ስኳርና የጉድጓድ ውሃ

በስምጥ ሸለቆ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ በእኛም ክፍል ጭምር፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆች አይታጡም። ጥርሳቸው ቡናማ መልክ አለው፤ አንዳንዱም ነጠብጣብ ነው። ያያቸው ሰው ሁሉ «መፋቂያ አያውቁም» ብሎ ይፈርድባቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል እንዳልሆነ የሚያስረዳው ታሪክ ከአገራችን ርቆ ይጀምርና እደጃችን ይደርሳል። በዚህ የበዓል መጽሔት ልንጽፈው የተነሣነውም ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ወላጆች ስለሆኑ ነው፤ የልጅ ጥርስ የሚጠበቀው ከሐኪም ቤት ይልቅ በቤት ውስጥ ነውና።

የሰው ልጅ ጥርሱን ባመመው ጊዜ ሁሉ ምክንያቱን ሲፈልግ ኖሯል። የባቢሎን ሰዎች ጥርስን የሚያሳምመው ውስጡ ገብቶ የሚቦረቡር ትል ነው ብለው በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈዋል። ይኸው የትል ነገር በብዙ አገር ሲታመን ቆይቷል፤ በአገራችንም ጥርሱን የታመመ ሰው የዕፅ ፍሬ ጢስ መታጠኑ የቆየ ልማድ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1728 ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ጥርስ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ትሉን ፈልጎ እንዳጣው ገለጸ፤ ስኳርንም ነቀፈ። (ያው ሊቅ ሕመምተኞቹ አፋቸውን በሽንት እንዲጉመጠመጡ መምከሩን ብንጠቅስ ክብሩን አይነካበትም፤ ምክሩን ግን ማንም እንዲከተለው አንሻም።) ነገሩን በይበልጥ ያብራራው በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ሚለር ነው። በ1890 ባወጣው መጽሐፍ፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ከስኳርና ከእህል አሲድ እንደሚያወጡ፣ አሲዱም ጠንካራውን የጥርስ ሽፋን እንደሚያሟሟው አስረዳ።

አባቶቻችን ስለ አሲድ ባያውቁም መከላከያውን በከፊል ይዘውት ነበር። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ እንጨት ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስ ጥርስን በሚገባ ያጸዳል። የናይሎን ብሩሽ ለገበያ የቀረበው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ነው፤ መፋቂያ ግን ከዚያ በፊት ስንቱን ትውልድ አገልግሏል። ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያ እንዲበረታታ የዓለም የጤና ድርጅትም መክሯል። ይሁን እንጂ ወደ መንጋጋ ጥርስና ወደ ውስጠኛው ገጽ በቀላሉ አይደርስም፤ ብዙ ሰውም የሚታየውን ፍቆ የማይታየውን ይተወዋል።

ደግሞም መፋቂያ ብቻውን የበቃው ስኳር ባልበዛበት ዘመን ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር 1954 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በስዊድን አገር፣ ቪፐሆልም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ የተካሄደው ምርመራ ውጤት ታተመ። ሕሙማኑ ሳይፈቅዱ፣ ጥርሳቸው እስኪበሰብስ ድረስ የሚጣበቅ ከረሜላ ይሰጣቸው ነበር፤ ግፍ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። የተገኘው ዕውቀት ግን ይህ ነው፤ ጥርስን አብልጦ የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ሳይሆን መደጋገሙና በጥርስ ላይ ተጣብቆ መቆየቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የስዊድን ወላጆች ለልጆቻቸው ጣፋጭ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ብቻ፣ መስጠትን ልማድ አደረጉት።

ይህን ወደ ቤታችን ስናመጣው ብዙ ነገር ይታየናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በእያንዳንዱ ሲኒ ስኳር ሲጨመር፣ ጥርስ ከአንዱ አሲድ ሳያገግም ሁለተኛው ይደርስበታል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ማንኪያው ይቀነስ እንላለን። ሕፃንን ስኳር የገባበት ጡጦ አጉርሶ ማስተኛት ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ቡናማው ጥርስ እንመለስ። ፍሬድሪክ ማክኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሲመጣ፣ የተወላጆቹን ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። የከተማው ሰው አንዳንዱ የአሳማ ሥጋ ነው፣ አንዳንዱም መጥፎ ወተት ነው ይል ነበር። ማክኬይ ሠላሳ ዓመት ያህል ምክንያቱን ሲፈልግ ሁለት ነገር አስተዋለ። አንደኛ፣ ቀለሙ የሚይዘው ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናትን እንጂ አዋቂ ሆነው የመጡትን አይደለም። ሁለተኛ፣ እነዚያ ቡናማ ጥርሶች እምብዛም አይቦረቦሩም። በ1923 ኦክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ያሉ ወላጆች፣ የልጆቻቸው ጥርስ የጠቆረው ውሃ ከሞቀ ምንጭ በቧንቧ ከመጣ ወዲህ መሆኑን ነገሩት። ውሃውን ቢያስመረምር ምንም አልተገኘም፤ እርሱ ግን ምንጩን ለውጡ አላቸው። ለወጡት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታናናሾቹ ጥርስ ነጭ ሆኖ በቀለ። የእናቶችና የአባቶች ትዝብት ከቤተ ሙከራው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። በ1931 ቸርችል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በውሃው ውስጥ ብዙ ፍሎራይድ አገኘ፤ ምስጢሩም ተገለጠ።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን የጥርስን ሽፋን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ያበላሻል። በ1945 የግራንድ ራፒድስ ከተማ በውሃዋ ላይ በልክ ጨመረችበት፤ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ በተወለዱት ልጆች የጥርስ መቦርቦር ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ችግሩ ትርፉ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለፈበት የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከ10 በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ እንዳሳወቁት፣ በወንጂ ብዙ ዓመት የኖሩ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ተጎድቶ አንዳንዶቹ ወገባቸው አልቃና ብሏል። ስኳሩ ከሚፈላበት ሜዳ የሚቀዳው ውሃ እንዲህ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ በአንድ ቤት ላሉት ሁሉ ጥንቃቄው አንድ ዓይነት አይደለም። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው የወተት ጥርሱን ማስነቀል ሕመሙን አያሽርም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያጠፋል፣ በሽታም ያስገባል። ትንንሽ ልጆች እስከ ሰባት ወይም ስምንት ዓመታቸው ድረስ ብሩሹን ራሳቸው ቢይዙም የሚጨርስላቸው ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። የጥርስ ሳሙናው ከሦስት ዓመት በታች እንደ ሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በኋላ እንደ አተር ፍሬ ይበቃል፤ እንዳይውጡት መጠበቅ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ድዷ ቢደማ መቦረሽን አትተው። አያቶቻችን ጥርስ የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በድድ በሽታ እንጂ በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ማታና ጠዋት ማጽዳት ለእነርሱም ይገባል።

ስለ ውሃው አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ እናቶች ውሃውን አፍልተው ያጠጣሉ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ እንዲያውም እንፋሎቱ በወጣ መጠን የቀረው ውሃ ይበረታል። የሚያስወጣው በሚገባ የተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ማጣሪያና ይህን የመሰለ ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤተሰብ በክረምት በንጹሕ ዕቃ አጠራቅሞ፣ ጥርሳቸው ገና ላልበቀለና በመለወጥ ላይ ላሉ ልጆች አስቀድሞ ሊያጠጣ ይችላል፤ ያን ውሃ ግን ከጀርም ለማዳን ማፍላቱ የግድ ነው።