ውጤቱ አስቀድሞ ያልተጻፈ ሙከራ፦ የተግባር ሳይንስ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታ ያላቸውን ዜጎች ማፍራትን ከዓላማዎቹ እንደ አንዱ ከቆጠረ ወዲህ፣ የተግባር ሳይንስ፣ ማለትም ተማሪው የተፈጥሮን ክስተት በቃል ከመስማት አልፎ ዕቃ በእጁ ይዞ፣ አስተውሎ፣ ለክቶና መዝግቦ የሚማርበት ስልት፣ በመምህራን ሥልጠናም ሆነ በትምህርት ባለሙያዎች ውይይት ላይ በተደጋጋሚ ይነሳል። ስልቱ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች እንደሚስማማ የሚጠራጠር እምብዛም የለም፤ በ11 እና በ12 ዓመት ዕድሜ ዙሪያ የሚገኙ ልጆች፣ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንዳስረዱት፣ በዓይን በሚታይና በእጅ በሚጨበጥ ነገር ላይ ተመሥርቶ ከማሰብ ወደ ረቂቅ አስተሳሰብ መሸጋገር በሚጀምሩበት ደረጃ ላይ ናቸውና። የሚያከራክረው በክፍል ውስጥ ሙከራ ተብሎ የሚሠራው ሥራ ልጁን በእርግጥ ያመራምረዋል ወይ የሚለው ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አንድ ሙከራ የማስተማር ኃይል የሚኖረው ውጤቱ የልጁን ግምት ሊያፈርስ ሲችል ነው የሚል ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለ ሙከራ የሚሆነው ነገር ደግሞ ከውጭ ከሚመጣ የቤተ ሙከራ ሣጥን ይልቅ ትምህርት ቤቱ በቆመበት ምድርና በሰማዩ ላይ በብዛት ይገኛል።

በብዙ አገሮች የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘውን የሻማና የብርጭቆ ሙከራ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጥቂት ውኃ በያዘ ሳህን መካከል የበራ ሻማ ቆሞ ብርጭቆ ሲደፋበት፣ ሻማው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋና ውኃው በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም ማብራሪያ የአየር አንድ አምስተኛ የሆነው ኦክስጅን ተቃጥሎ ስላለቀ ውኃው ቦታውን ተካ የሚል ነው። በትኩረት የተመለከተ ልጅ ግን ከዚህ ማብራሪያ ጋር የማይገጥሙ ነገሮችን ያያል። ብርጭቆው ሲደፋ በጠርዙ ሥር አረፋ ሊወጣ ይችላል፤ ውኃው በጉልህ ከፍ የሚለው ሻማው እየነደደ ሳለ ሳይሆን ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ወይም ከጠፋ በኋላ በድንገት ነው፤ በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት ቢበሩ ደግሞ፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ምንም ሳይጨምር፣ ውኃው የበለጠ ይወጣል። ዋናው ምክንያት በነበልባሉ ሞቆ የተስፋፋው አየር ሲቀዘቅዝ መኮማተሩና የውጭው የአየር ግፊት፣ ማለትም አየሩ በክብደቱ የሚያሳድረው ጫና፣ ውኃውን ወደ ውስጥ መግፋቱ ነው። ልጁ ያየውን ትቶ የተነገረውን በደብተሩ ሲያሰፍር የሚማረው ዓይኑን አለማመንን ነው፤ ይህም ሙከራው ጨርሶ ሳይሠራ ቢቀር ከሚደርሰው ጉዳት የከፋ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሚያሳየው ጥላን የመለካት ሥራ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ዕድል በአውሮፓ ላሉት የማይገኝ በመሆኑ ሰፋ ያለ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ በግቢው ደልዳላ ቦታ ይተከላል፤ ቀጥ ብሎ መቆሙም ግንበኞች እንደሚያደርጉት ድንጋይ በታሰረበት ክር፣ በቱንቢ፣ ይረጋገጣል። ተማሪዎቹ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ድረስ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት እያደረጉ ርዝመቱን ይለካሉ። የመጀመሪያው ግኝት ከዚሁ ይጀምራል፤ አብዛኛው ልጅ ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ነው ብሎ ሲገምት፣ በአዲስ አበባ የሚሆነው ግን እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዚያ በስተምዕራብ ወደ 39 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው፤ የቀረው የወራት ልዩነት የሚመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ከምትሄድበት መንገድና ከዘንጓ ማዘንበል ነው። ይህን ሁለተኛ ምክንያት ለ5ኛ ክፍል ማብራራት አያስፈልግም፤ የግድግዳ ሰዓትና የፀሐይ ሰዓት አንድ አለመሆናቸውን ልጆቹ ራሳቸው ለክተው ማረጋገጣቸው ይበቃል።

ትልቁ ውጤት የሚገኘው ልኬቱ በትምህርት ዘመኑ ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ሲደገም ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ የአንድ ሜትር ዱላ የእኩለ ቀን ጥላ 16 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ታኅሣሥ 12 ገደማ 64 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 5 ገደማ ጨርሶ ይጠፋል። ሚያዝያ ከገባ በኋላ ጥላው ምን ይሆናል ተብለው ቢጠየቁ፣ ብዙ ልጆች እንደገና ወደ ሰሜን ይረዝማል ብለው ለመገመት በቂ ምክንያት አላቸው፤ ወራቱን ሁሉ ያዩት ወደ ሰሜን ሲወድቅ ነውና። ጥላው ግን ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ሰኔ 14 ገደማም 26 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ በዱላው ማዶ ይታያል። በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ መጽሐፍ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን እንደሚያመለክት ቢናገር ለዚያ አገር ትክክል ነው፤ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ ለአዲስ አበባ ልጅ መስጠት ግን ግቢው ውስጥ የሚያየውን እውነት መካድ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ጥላን መለካት ለአገሩ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ በየወሩ የጥላን ርዝመት በጫማ እያሰሉ የቀኑን ሰዓት ለማወቅ የሚያገለግሉ ሠንጠረዦች ይገኛሉ፤ የ6ኛ ክፍል መምህርም ከአካባቢው የቤተ ክህነት ሊቃውንት አንዱን ጠርቶ የልጆቹን ልኬት ከዚያ ጋር ቢያነጻጽር ትምህርቱ ይበለጽጋል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ቢተባበሩ ደግሞ ከዚህ የላቀ ነገር ይገኛል። መጋቢት 11 ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ 16 ሳንቲሜትር የሆነው ጥላ በመቀሌ 24 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ሁለቱ ጥላዎች በወረቀት ላይ ተነስተው የፀሐይ ጨረር ከዱላው ጋር የሚሠራው ማዕዘን በፕሮትራክተር ሲለካ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ለ4 ዲግሪ ተኩል ይህን ያህል ከሆነ ለ360 ዲግሪ ስንት ይሆናል የሚለው የ6ኛ ክፍል የንጽጽር ስሌት የምድርን ዙሪያ፣ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ይሰጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኤራቶስቴንስ በግብፅ የሠራው ይህንኑ ነበር።

የውኃ ነጥበ ፍሌት፣ ማለትም ውኃ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት፣ ሌላው ተመሳሳይ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ በፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር ግን 92 አካባቢ ይቆማል። መምህሩ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ካለፈው ትምህርቱ እዚያው ይሞታል። ልጆቹ ምክንያቱን እንዲፈልጉ ከተተወላቸው ግን፣ በሌላ ቴርሞሜትር መድገም፣ እሳቱን ማብዛት፣ ብዙ ውኃ ማፍላት የመሳሰሉትን ይጠይቃሉ፤ አንዳቸውም ቁጥሩን ወደ 100 እንደማያደርሱት ካዩ በኋላ፣ ባቄላ በደጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ለምን እንደሚዘገይ ከሚያውቁ እናቶች ጋር ጉዳዩን ሊያያይዙት ይችላሉ። የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ የሚነገራቸው ከዚያ በኋላ ሲሆን ቃሉ ለጥያቄያቸው መልስ ሆኖ ይደርሳቸዋል። ማሞቁን ግን መምህሩ ራሱ ሊሠራው ይገባል፤ የልጆቹ ድርሻ መገመት፣ ማንበብና መመዝገብ ይሁን።

ይህ ሁሉ ልጅን ከዕቃ ጋር ለብቻው ትቶ እንዲያገኝ መጠበቅ ይበቃል ማለት አይደለም። ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ፣ ማለትም ፔንዱለም፣ ሲወዛወዝ ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ብዙ ልጆች የድንጋዩን ክብደት ይጠቅሳሉ፤ ለመፈተንም ከባድ ድንጋይ በረጅም ክር፣ ቀላሉን ደግሞ በአጭር ክር አስረው ያወዳድራሉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ ልዩነቱን ያመጣው የቱ እንደሆነ ሊታወቅ አይችልም። አንድን ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ እንዳለ የማቆየት ዘዴ፣ የሳይንስ ሊቃውንት ተለዋዋጮችን መቆጣጠር የሚሉት፣ ለአብዛኛው ልጅ በራሱ የሚመጣ አይደለም። ዴቪድ ክላርና ሚሌና ኒጋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች ኳስ በሚንከባለልበት ተዳፋት ላይ ሙከራ እንዲነድፉ ሲደረግ፣ ዘዴው በግልጽ ከተብራራላቸው መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ ሲጨብጡት፣ ራሳቸው እንዲያገኙት ከተተዉት መካከል የጨበጡት አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ዘዴው ይነገር፤ ውጤቱ ግን አይነገር። ዘዴው የገባቸው ልጆች አንዱን ክር 1 ሜትር፣ ሌላውን 25 ሳንቲሜትር አድርገው፣ ድንጋዩን ሳይለውጡ አሥር ውዝዋዜ ሲቆጥሩ፣ የመጀመሪያው 20 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 10 ሰከንድ ያህል መውሰዱን ያገኛሉ፤ ክሩ አራት እጥፍ ሲረዝም ጊዜው ሁለት እጥፍ ብቻ መሆኑም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

የመምህሩ አነጋገርም እንደ ዕቃው ሁሉ ይቆጠራል። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተቀረጹ ትምህርቶችን አዳምጠው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉት እንደሚቀንሱና ደካማ ተብለው የተመደቡትም መናገር እንደሚጀምሩ ደርሰውበታል። ምንም ወጪ የማይጠይቅ ለውጥ ቢኖር ይህ ነው።

የዕቃ እጥረት እውነተኛ ችግር ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይከሰሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሳይንስ መምህራን መመሪያ መጽሐፍ በጦርነት ቤተ ሙከራቸው የወደመባቸውን አገሮች ለመርዳት ከተዘጋጀ አነስተኛ ጽሑፍ የተነሣ ሲሆን፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ሽቦ ምን ያህል እንደሚያደርሱ ያሳየ ነው። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው በአንድ ክፍል የሚገኘው የተማሪ ብዛት ነው፤ 60 ልጆች አንድ ዱላ ከበው ቢቆሙ የሚለኩት ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የስድስት ልጅ ቡድን የየራሱ ዱላ ሊኖር ይገባል፤ አሥር ቡድኖች አሥር የተለያዩ ቁጥሮች ይዘው ሲመጡ ደግሞ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ክርክር ከልኬቱ እኩል ዋጋ አለው።

የመጨረሻው እንቅፋት ፈተና ነው። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጡ ፈተናዎች ቃልና ትርጉም ብቻ እስከጠየቁ ድረስ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥላ የሚያስለካ መምህር ተማሪዎቹን የጎዳ ይመስለዋል፤ ወላጆችም ይኸው ስጋት ያድርባቸዋል። ይሁን እንጂ ምርጫ ያለው ጥያቄም ቢሆን ምርምርን ሊለካ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ በጠፋበት ቀን በአንድ ሌላ ከተማ 8 ሳንቲሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ከወደቀ፣ ከተማዋ ከአዲስ አበባ በየትኛው አቅጣጫ ትገኛለች ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዱላ ተክሎ የለካ ልጅ ሰሜን ብሎ ለመመለስ ብዙ አይቸገርም፤ በቃል ያጠና ልጅ ግን በየትኛውም የማጠቃለያ ማስታወሻ ውስጥ አያገኘውም። የፈተና አዘጋጆች እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ጥያቄዎችን በየዓመቱ ቢያካትቱ፣ መምህሩ ልጆቹን ወደ ግቢው ይዞ ለመውጣት የሚያቀርበው ምክንያት በርዕሰ መምህሩም በወላጆችም ዘንድ ተቀባይነት ያገኛል።