ራስ መንገሻ የተባሉ ሦስት ሰዎች

በሐዋሳ ስለ ከተማዪቱ አመሠራረት የሚጠይቅ ሰው «የቈረቈሩአት ራስ መንገሻ ናቸው» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአባት ስም ጐድሎታል። የዓድዋን ጦርነት ታሪክ ያነበበ ተማሪ ይህን ሲሰማ፥ ያው የዓድዋው ጀግና ወደ ሲዳሞ ወርደው ከተማ የቈረቈሩ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ስም የተጠሩትን ሦስት ራሶች ለይተን ልንጽፍ ወደድን።

መንገሻ ማለት የሚነገሥበት ማለት ነው። ከሦስቱ ለስማቸው እጅግ የቀረቡት ራስ መንገሻ ዮሐንስ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቈስለው ሊሞቱ ሲሉ፥ ልጄም ወራሼም እርሱ ነው ብለው ተናዘዙላቸው። ዘውዱ ግን ለዐፄ ምኒልክ ሆነ። ራስ መንገሻም በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ገቡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከራስ አሉላ ጋራ ዓድዋ ላይ ተሰልፈው ተዋጉ። ለአገር ነጻነት ሲሉ የዘውዱን ቂም ለዚያች ቀን መተዋቸው፥ በእኛ አስተያየት፥ ከመንገሥ የሚያንስ አይደለም። ኋላ ግን በ1891 ዓ.ም. ዐምፀው ተያዙ፤ በአንኮበር በግዞት ሳሉም ዐረፉ።

በዚያው በዓድዋ ዘመቻ ከዐፄ ምኒልክ መኳንንት ወገን ራስ ቢትወደድ መንገሻ አቲከም ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ጦር ሜዳ ሁለት መንገሻ ስለ ነበሩ፥ «ራስ መንገሻ ዘመቱ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው። በጃፓን አገር ሲኒማ ሠሪው ኩሮሳዋና የሙዚቃ ደራሲው ኢፉኩቤ ሁለቱም አኪራ ይባሉ ነበር፤ ድምፁ አንድ ቢሆንም ስማቸው የሚጻፍበት ፊደል ይለያያል። በእኛ ዘንድ ፊደሉም አንድ ስለ ሆነ፥ የሚለየው የአባት ስም ነው።

የሐዋሳው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ለራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው ራስ ሥዩም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ በተሞከረ ጊዜ በገነተ ልዑል ተገደሉ። ልጃቸውም ትግራይን ሲገዙ ቈይተው፥ በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ሸሽተው በረሃ ወረዱ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፥ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፥ ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበረ ጊዜ ነው በኀይቁ ዳር ከተማ እንዲቈረቈር ያደረጉት። በ1960ዎቹም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋ ዓለም ወደ ሐዋሳ ተዛወረ።

ቈረቈሩ ስንል ግን ሥፍራው ባዶ ነበረ ማለታችን አይደለም። የሲዳማ ሰዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ለምለም ሜዳ ነበረ፤ ስሙም አዳሬ ይባል ነበር። ይህ ስም ዛሬም በከተማዪቱ ሆስፒታል ላይ ተጽፎ ይነበባል።