የመስተዋቱ ባሕርና ረቂቃን መጋቢዎቹ

በቤቱ ውስጥ አዲስ አኳሪየም አቋቁሞ፣ አሸዋውን አጥቦ፣ ውኃውን ሞልቶ፣ ሽሪምፖቹን በዚያው ዕለት የሚጨምር ሰው ውኃው ጠርቶ ሲያይ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እነዚያ ደቃቅ ፍጥረታት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲያልቁበት የሞታቸውን ምክንያት በዓይኑ ቢፈልግ አያገኘውም። የጠራ ውኃ ሁሉ ለሕይወት የተሰናዳ ውኃ አለመሆኑን ለመረዳት ሊቃውንቱ ራሳቸው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ደክመዋልና፣ የድካማቸውን ታሪክ መመርመር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት እመቤት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ሕያዋን ኮራሎችን ሰብስበው ወደ ለንደን ወሰዱ። ከባሕር በራቀ ከተማ ውኃውን በየጊዜው መለወጥ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ አገልጋያቸው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች ነፋስ እንድታስገባበት አደረጉ፤ በኋላም የባሕር አረም ጨምረውበት ኮራሎቹን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕይወት አቆዩአቸው።

እመቤቲቱ በትጋት ያገኙትን ነገር በምርምር ያጸናው፣ በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ኬሚስት የነበረው ሮበርት ዋሪንግተን ነው። ተክል በብርሃን ኃይል ኦክስጅን እንደሚሰጥ፣ እንስሳም የሚያወጣውን የተቃጠለ አየር ተክል እንደሚቀበለው አስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውኃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት፤ እርሱም ቀንድ አውጣዎችን ቢጨምር፣ የበሰበሰውን ሁሉ እየለቀሙ በሉት፤ ውኃውም ጠራ። ይህንንም በማግሥቱ ዓመት ለኬሚስቶች ማኅበር አስታወቀ። ተክልና እንስሳ ብቻቸውን እንደማይበቁ፣ ጥራጊውን የሚያነሣ ሦስተኛ ወገን እንደሚያስፈልግ የተገለጠው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በማግሥቱም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ጎረፈ። ምኞቱ ከዕውቀቱ ስለ ቀደመ ግን ከየዳርቻው የተለቀመው ፍጡር በከንቱ አለቀ፤ ጥፋቱንም የጎስ ልጅ ኤድመንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ በኀዘን መስክሮበታል።

የተሰወረው ምሥጢር የተገለጠው በአኳሪየም ሳይሆን በቆሻሻ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የቆሻሻ ውኃን አሸዋና የኖራ ድንጋይ በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲያልፍ አደረጉ። ሃያ ቀን ያህል ምንም አልተለወጠም፤ ከዚያ በኋላ ግን በውኃው ያለው አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለወጥ ጀመር። ክሎሮፎርም በጨመሩበት ጊዜ ሥራው ወዲያው ስለ ቆመ፣ ሠሪው ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጡር መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማም ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በዙሪክ ሆኖ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣ፤ አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት እንደሚለውጥም አስረዳ።

እንግዲህ በአዲሱ አኳሪየም ውስጥ ሽሪምፖቹን የሚገድላቸው ይኸው ነው፤ ከኩሳቸውና ከተረፈ ምግባቸው የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርሱም የሚመጣው ናይትራይት መርዝ ሆኖ ሳለ፣ የሚያነሡት ረቂቃን መጋቢዎች ገና በአሸዋው አልሰፈሩም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ አልጌ የሚበሉ ደቃቅ ሽሪምፖችን በተክል በተሞሉ አኳሪየሞቹ አሰማርቶ ለዓለም ካሳወቀ ወዲህ፣ ይህ ዕውቀት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፤ ሽሪምፕ ከብዙ ዓሦች ይልቅ መርዝን የማይችል ከመሆኑም በላይ፣ ቀኑን ሙሉ በትንንሽ እግሮቹ ከድንጋይና ከቅጠል ላይ እየለቀመ የሚመገበው ቀጭን ስልባቦት በአዲስ ውኃ ውስጥ አይገኝምና።

ስለዚህ ውኃውንና ተክሉን አሰናድቶ ሳምንታት መጠበቅ፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ መጥፋታቸውን በመመርመሪያ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ሽሪምፖችን ብቻ ማስገባት ለአዋቂዎች የተተወ ጥንቃቄ ሳይሆን የማንኛውም ጀማሪ ግዴታ ነው። ሕያው ፍጡርን ከመኖሪያው ለይቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው የሕይወቱን አደራ ተቀብሏልና፣ ሊቃውንቱ በብዙ ድካም ያወረሱትን ዕውቀት በትዕግሥት ሊፈጽመው ይገባዋል።