ማለቅ ያልፈለገው የዞምቢ ታሪክ

የዞምቢ ፊልም ሁልጊዜ ያልቃል፤ ሮበርት ከርክማንን ቅር የሚያሰኘውም ይኸው ነበር። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ሙታንን በጥቁርና ነጭ ፊልም ካስነሣቸው ወዲህ የመጣ ተመልካች ሁሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ጥቂት ሰዎች ይተርፋሉ ወይም ሁሉም ያልቃሉ፣ መብራት ይበራል። ከርክማን የፈለገው ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ነው። የተረፈው ሰው በማግስቱ ምን ይበላል? ከዓመት በኋላስ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? በጥቅምት 2003 «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለው ወርኃዊ ኮሚክ በኢሜጅ ኮሚክስ አሳታሚነት ሲጀመር መነሻው ይህ ጥያቄ ነበር። አሳታሚዎቹ ተራ የዞምቢ ታሪክ አይሸጥም ብለው ሲያመነቱ፣ ከርክማን ነገሩ በስተመጨረሻ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች ሤራ ሆኖ እንደሚገኝ ነግሮ አሳመናቸው። ወራሪዎቹ ግን በታሪኩ ውስጥ ብቅ ሳይሉ ቀሩ።

ጅማሬው ፈጣን ነበር። በመጀመሪያው ቁጥር የኬንታኪው ፖሊስ ሪክ ግራይምስ ሆስፒታል ውስጥ ከሰመመን ይነቃል፣ ባዶ ቤቱን ያገኛል፣ ከአንድ አባትና ልጅ ጋር ራት ይበላል፣ መሣሪያና መኪና ይዞ ቤተሰቡን ፍለጋ ይወጣል። ሁለተኛው ቁጥር ሳያልቅ ሚስቱንና ልጁን አግኝቷል። በስድስተኛው ደግሞ ትንሹ ካርል አባቱን ለማዳን የአባቱን የቅርብ ወዳጅ ሼንን ተኩሶ ይገድላል። ይህ ሁሉ የግማሽ ዓመት ንባብ ነው። እስከዚያ የሳለው ቶኒ ሙር ነበር፤ ከሰባተኛው ቁጥር ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ግን ብሩሹን የያዘው እንግሊዛዊው ቻርሊ አድላርድ ነው።

ይህ ፍጥነት ግን አልዘለቀም፤ በኋላ የመጣውን መዘግየት ለመረዳት የሙያውን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። በ1962 ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ የሸረሪት ሰውን አመጣጥ በ11 ገጽ ጨርሰውት ነበር፤ ንክሻው፣ ትዕቢቱ፣ የአጎቱ ሞትና ጸጸቱ ሁሉ እዚያው አሉ። በ2000 ያው ታሪክ ለአዲስ ትውልድ እንደገና ሲጻፍ ሰባት ቁጥር ወሰደ። አንባቢው ኮሚክን በየወሩ በቀጭኑ ከመግዛት ይልቅ ተጠርዞ ሲወጣ መግዛት እየለመደ ነበር፤ ጸሐፊዎችም ለጥራዙ መጻፍ ያዙ። ዝምታ፣ የፊት ገጽታ፣ ሙሉ ገጽ የሚሞላ አንድ ሥዕል፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ አገኙ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ራሱ በስድስት በስድስት ቁጥር ይጠረዝ ነበር፤ ትልልቆቹ ጥራዞች ደግሞ እያንዳንዳቸው 48 ቁጥር ያህል ይይዛሉ።

የታሪኩ መካከለኛ ክፍል ይህን ሰፊ ቦታ በሚገባ ተጠቅሞበታል። ሪክና ወገኖቹ እስር ቤት ውስጥ የኖሩት ከ13ኛው እስከ 48ኛው ቁጥር ነው። በእነዚያ ዓመታት አንባቢው አብሯቸው ያርሳል፣ ሲጋቡ ያያል፣ ከእነርሱ ጋር ይጣላል። ስለዚህም በ48ኛው የሪክ ሚስት ሎሪ ጨቅላ ልጇን እንደታቀፈች በጥይት ስትወድቅ፣ ያ አንድ ገጽ የብዙ ወራት ክብደት ነበረው። በሐምሌ 2012 በወጣው 100ኛ ቁጥር የጠላት ቡድን መሪው ኒጋን ከሪክ ወገኖች አንዱን፣ ግሌንን፣ ሲገድለውም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ተዛባ። ከኒጋን ጋር የተደረገው ትልቁ ጦርነት ከ115 እስከ 126 ድረስ 12 ቁጥር ፈጀ። አሳታሚው በወር ሁለት እያወጣ አጣደፈው፤ አድላርድም ብቻውን ስለማይደርስ ስቴፋኖ ጋውዲያኖ በጥቁር ቀለም እየደፈነ አገዘው። ጦርነቱ እንዳበቃ ታሪኩ ሁለት ዓመት ያህል ዘለለ። አሁን እርሻ አለ፣ ንግድ አለ፣ በከተሞች መካከል መንገድ አለ። ሙታኑ እንደ ክረምት ጎርፍ የሚታወቁና መከላከያ የተበጀላቸው ሆኑ። የመዘግየቱ ዋና ምክንያት እዚህ ላይ ይመስላል። ከሙታን መሸሽ ሩጫ ነው፤ አገር ማቆም ግን ስብሰባ፣ ክርክርና ጉዞ ነው። ከርክማን ፊልሞቹ የሸሹትን «ከዚያስ?» የሚለውን ጥያቄ በሐቅ ልመልስ ካለ፣ መዘግየት ግድ ነበር።

የዚህ ዘመን ምርጥ ገጾችም ዝግተኞቹ ናቸው። ከሪክ ወገኖች አንዷ አንድሪያ ባልደረባዋን ዩጂንን ስታድን ትነከሳለች፤ በ2017 የወጣው 167ኛ ቁጥር አልጋዋን ከብበው የሚሰናበቷትን ወዳጆቿን ይዞ ይቆያል። በ2018 ደግሞ 175ኛው ላይ ተጓዦቹ ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ኮመንዌልዝ ይገባሉ። ከተማው 50,000 ሰው ይኖርበታል። እዚያ ከተጓዦቹ አንዷ ሚሾን የጠፉ ሰዎች ፎቶ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ የራሷን ፎቶ ታያለች፤ የለጠፈችው ሞታለች ብላ ያለቀሰችላት ልጇ ናት። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከጥፋቱ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ነው። ጠበቃ ነበረች። በኮመንዌልዝ የሰው ማዕረግ የሚወሰነው በዚያ ስለሆነ፣ ለዓመታት በጎራዴ የኖረች ሴት በአንድ መልስ ወደ ላይኛው መደብ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይነገርም።

ሆኖም ሁሉም ዝግታ እንዲህ አልተደከመበትም። ዩጂን በሬዲዮ የኮመንዌልዟን ስቴፋኒ ድምፅ ሰምቶ በአካል እስኪያገኛት ድረስ አንባቢው ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቋል። የሪክ ንግግሮች ረዘሙ፤ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጠላት፣ አዲስ ጦርነት የሚለው ዙር ተደጋገመ። ሙሉ ገጽና ጥንድ ገጽ የሚይዙ ሥዕሎች ሲበዙ፣ በየወሩ የሚገዛው ሰው ቡናው እስኪፈላ አንብቦ ይጨርስና ሠላሳ ቀን ይጠብቃል። ትልቁን ጥራዝ የያዘ ሰው ግን ያንኑ ታሪክ በሁለት ሌሊት ሲያነብ ዝግታው አይታወቀውም። ኮሚኩን ከመጀመሪያው አንሥቶ በየወሩ እየገዙ ያቆዩት ታማኝ ገዢዎች ከሁሉም የከፋውን ንባብ ማግኘታቸው ያሳዝናል፤ በዚህ ከርክማንን መውቀስ ተገቢ ነው።

እርሱም ሳይሰማው አልቀረም። እስከ 300ኛው ቁጥር መዝለቅ እንደሚፈልግ ይናገር የነበረው ሰው ታሪኩን በ193 ዘጋው። በሰኔ 2019 በወጣው 192ኛ ቁጥር ሪክ ሞቶ ተገኘ፤ የገደለው የኮመንዌልዝ ገዢ የፓሜላ ሚልተን ልጅ ሰባስቲያን ነው። በሐምሌ 3 የወጣው ቀጣዩ ቁጥር ከ70 ገጽ በላይ ሆኖ፣ በተለመደው ዋጋ፣ ያለ ማስታወቂያ የመጨረሻው ሆነ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲባል የማይታተሙት የ194፣ የ195 እና የ196 ሽፋኖች ሳይቀር ተሥለው ለመደብሮች ተዋውቀው ነበር። ከርክማን በዚያው ቁጥር እንደጻፈው አንባቢ መጨረሻው መቃረቡን አውቆ ገጽ መቁጠሩን አይወድም።

በጥቅምት 2020 ሥራው በዴቭ ማኬግ ቀለም ተቀብቶ ከአንደኛው ቁጥር ጀምሮ እንደገና መታተም ያዘ። አዲሱ እትም የሚወጣው በወር ሁለት ጊዜ ስለሆነ፣ አዲሶቹ ተከታታዮች የኮመንዌልዝን መንገድ የሚጓዙት የፊተኞቹ በጠበቁት ጊዜ በግማሹ ነው።