ትምባሆና የጄምስታውን ሰፈር



አንድ ሰፈር ወደ አገርነት የሚያድገው በምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ በወርቅ፥ ሌላው በጦር፥ ሦስተኛው በአስተዳዳሪ ብልሃት ነው ይል ይሆናል። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ግን በአንድ ቅጠል ከጥፋት ስለ ዳነና ለዚያው ቅጠል ስለ ተገዛ ሰፈር ነው። ይኸውም እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ፥ በቨርጂንያ ምድር የቈረቈሩት ጄምስታውን ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1607 ዓ.ም. በለንደን የተቋቋመው የቨርጂንያ ኩባንያ የላካቸው 104 ሰዎች በሦስት መርከብ ደርሰው በወንዝ ዳር ሰፈሩ። የኩባንያው ባለገንዘቦች ተስፋ ያደረጉት ወርቅንና ወደ እስያ የሚያሻግር መንገድን ነበር፤ ሁለቱም አልተገኙም። ቦታው ረግረጋማ፥ የሚጠጣውም ውሃ ጨው የገባበት ስለ ነበረ በሽታ ፈጃቸው። ከ1609 እስከ 1610 ዓ.ም. በዋለው የብርድ ወራት ረኀብ ጸንቶ፥ በሰፈሩ በሕይወት የተገኙት 60 ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህም ሰፈሩን ጥለው በመርከብ ሲወጡ፥ ስንቅና ሰው ይዞ ከሚመጣው አዲስ ገዥ ጋር በወንዙ ላይ ተገናኝተው ተመለሱ።

ለሰፈሩ የኑሮ መሠረት የጣለለት ጆን ሮልፍ የተባለ ሰው ነው። የአገሩ ተወላጆች የሚያበቅሉት ትምባሆ ለእንግሊዞች ይመራቸው ነበርና፥ በለንደን ገበያ የሚወደደው ስፔናውያን የሚያመጡት ለስላሳው ትምባሆ ነበረ። ሮልፍ የዚህን ዓይነት ዘር አግኝቶ በ1612 ዓ.ም. ገደማ ቢዘራው ምድሩ ተስማማው። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1604 ዓ.ም. ትምባሆን የሚነቅፍ ጽሑፍ አውጥተው ነበር፤ ሆኖም ቀረጡ ወደ ግምጃ ቤታቸው ሲገባ አልመለሱትም። በ1617 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የተላከው 20,000 ፓውንድ፥ ማለት 90 ኩንታል ያህል ነበር፤ በ1629 ዓ.ም. ገደማ ግን የዓመቱ ጭነት ከ1,000,000 ፓውንድ በላይ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁሉ በትምባሆ ይለካ ጀመር። ገዥው ቶማስ ዴል አስቀድሞ እህል እንዲዘራ ቢያዝም፥ በ1617 ዓ.ም. የገበያው ቦታና መንገዱ ሳይቀር ትምባሆ ተተክሎበት ተገኘ። ቅጠሉ ገንዘብ ሆኖ ግብርና ዕዳ በእርሱ ይከፈል ነበር። በ1696 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአንድ ቄስ የዓመት ደመወዝ 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ነበር፤ እንግዲህ የቅጠሉ ዋጋ ሲወድቅ ደመወዙም አብሮ ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

ትምባሆ መሬትን ቶሎ ያደክማል። ጥቂት ዓመት ከታረሰ በኋላ አዲስ መሬት መፈለግ ግድ ስለ ሆነ፥ ሰፋሪዎቹ በፖውሃታን ሕዝብ ርስት ላይ እየገፉ ሄዱ። በ1622 ዓ.ም. ያ ሕዝብ ተነሥቶ 347 ሰፋሪዎችን ገደለ፤ እንግሊዞችም በበቀል መንደሩንና እህሉን አጠፉ።

ሥራውም ብዙ እጅ ይጠይቃል። ከ1618 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኛ ላመጣ ሁሉ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ጀመር፤ ብዙ ድኆች እንግሊዛውያንም የመርከብ ዋጋቸውን ለዓመታት በማገልገል ከፈሉ። በ1619 ዓ.ም. ሐምሌ የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ጉባኤ በጄምስታውን ተሰበሰበ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከአንጎላ ተጭነው በባሕር የተማረኩ ከ20 በላይ አፍሪካውያን በቨርጂንያ ወደብ በስንቅ ተለወጡ። በ1662 ዓ.ም. ደግሞ ያው ጉባኤ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ ባሪያ ይሁን ብሎ ደነገገ። ለራሱ ነፃነት የተሰበሰበ ጉባኤ የሌላውን ባርነት በሕግ አጸና።

የሚያስደንቀው ነገር፥ ጄምስታውን ራሷ ትልቅ ከተማ ሳትሆን መቅረቷ ነው። ባለርስቶቹ በወንዞች ዳር ተበትነው ትምባሯቸውን ከየደጃቸው በመርከብ ይጭኑ ስለ ነበረ ከተማ አላስፈለጋቸውም። በ1699 ዓ.ም. መናገሻነቱ ወደ ዊልያምስበርግ ተዛወረ።

እንግዲህ ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም። ሚዛኑን የያዙት ሰዎች የትምባሆውን ዋጋ ሲጽፉ የመሬቱንና የሰውን ዋጋ አልጻፉም። አንድ ምርት አገርን ሲመግብ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ ከገቢው አጠገብ ወጪውንም ሊጽፍ፥ ከፋዩም ማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።