ፖሊስ ምን ይማራል? ከአውጫጪኝ እስከ ሰንዳፋ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ቲቸር አልመጣልኝም፣ ፖሊስ ልግባ እንዴ?» የሚል። መጠየቃቸው አይገርመኝም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ልጅ የት ይግባ? የሚከነክነኝ አጠያየቃቸው ነው። «ሌላ ስላጣሁ» ዓይነት ነገር አለበት። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሴን ከታሪክ ልጀምር።

ፖሊስ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት አገራችን ወንጀለኛን የምትፈልግበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ሌባው ወይም ገዳዩ ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ለአውጫጪኝ ይጠራል፤ አፈርሳታም ይባላል። ማን እንዳደረገው እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሥራውን ትቶ እዚያው ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሌላው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በቃ! ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ። ልጁ ከደጃፍህ ወደቀ ማለት አለቀልህ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ለመሳቅ አይደለም። የፖሊስ ትምህርት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን ከዚህ ስንነሳ ስለሆነ ነው። ፖሊስ ኮሌጅ የሚያስፈልገው ሰልፍ ለመማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወታደር ቤት ይበቃ ነበር። ኮሌጁ ያስፈለገው ግምትና ጉልበት በማስረጃ እንዲተኩ ነው።

አዲስ አበባ ከጣሊያን ወረራ በፊትም የአራዳ ዘበኛ ነበራት። አገር አቀፍና ዘመናዊ ፖሊስ በሕግ የቆመው ግን ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ ፖሊስ ኮሚሽነርና መኮንኖች እንዲቀጠሩ ይፈቅድ ነበር። የራሳችንን መኮንኖች የምናፈራበት አባዲና ፖሊስ ኮሌጅ የተከፈተው ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። አስቡት፣ በአገሪቱ ገና ዩኒቨርሲቲ የሚባል አልነበረም። የፖሊስ መኮንን ማሰልጠኛ ቀደመ ማለት ነው።

አሁን ወደ 1954 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ስለዚህ ዓመት ሳስተምር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሁለት ነገሮች ተገጣጥመውበታል።

አንደኛው ጥቅምት ላይ የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ፖሊስን እጁን ይዞ ያስተምረዋል። የያዝከውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርበው ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ቃሉን ስትቀበል ያለመናገር መብት እንዳለው ንገረው ይላል። አስፈራርተህም፣ ደልለህም፣ ተስፋ ሰጥተህም ቃል አትቀበል ይላል። ከአውጫጪኝና ከሌባሻይ ጋር አወዳድሩት እስቲ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የመጣ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ክረምቱ ሲገባ ኮልፌ ላይ የሆነው ነው። ኮልፌ ከኛ ከፉሪ በአየር ጤና በኩል ቅርብ ናት። እዚያ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር አንድ የደቡብ አፍሪካ ጠበቃ መጥቶ ተኩስ፣ ፈንጂና የተራራ ጉዞ ተማረ። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። ስልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ ድርጅቱ ስለጠራው በሁለት ወር ገደማ አቋርጦ ተመለሰ። አገሩ በገባ በጥቂት ቀናት፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ። የተፈታው በ1982 ዓ.ም. ነው። ፖሊስ አሰልጥኖት ሄደ፣ ፖሊስ ያዘው። የኮልፌው ፖሊስና የደቡብ አፍሪካው ፖሊስ ሁለቱም የሰለጠኑ ነበሩ። የለያያቸው ማንን እንደሚያገለግሉ ነው።

የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ የነበረው ታደሰ ብሩስ? የመጫና ቱለማ ማኅበር መሪ ከሆነ በኋላ በ1959 ዓ.ም. ራሱ ታሰረ። ሞት ተፈረደበት፣ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ገደለው። የፖሊስ ኮሚሽነር የነበረው ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከዚያ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከእነ መንግሥቱ ንዋይ ጋር ቆሞ ሕይወቱን አጥቷል። እንግዲህ ልብ በሉ። በአገራችን ታሪክ ዛሬ የሚያስር ሰው ነገ ሊታሰር ይችላል። ያ የ48 ሰዓት ሕግ ለሌባ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ለራሱ ለፖሊሱም ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ጠብመንጃ ይዞ ሰው የሚያስረው አብዮት ጥበቃ ነበር። ኮሌጅ ገብቶ ሕግ የተማረው ፖሊስ ዳር ቆሞ፣ ምንም ያልተማረ ልጅ ያስር ይመረምር ነበር። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ከዚያ ዘመን የተረፈ ታሪክ አለው፣ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ግን «ስልጠና ምን ያደርጋል? ፖሊስ ያው ፖሊስ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ዘመን አስታውሰዋለሁ። ያልሰለጠነ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚሆን አይተናል። ስልጠና ብቻውን አይበቃም፣ ስልጠና ሲጠፋ ግን ይብሳል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ፖሊስ እንደገና ተደራጀ። ክልሎች የራሳቸውን ማሰልጠኛ ያዙ፤ ኦሮሚያ በአምቦ በኩል ያለው ሰንቀሌ አላት። ማዕረጉም ተቀየረ። እነ ሻምበልና ኮሎኔል ቀርተው ኢንስፔክተርና ኮማንደር መጡ። የቃል ለውጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፖሊስ ወታደር አይደለም ለማለት ነው። የአባዲና ወራሽ ዛሬ ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የፖሊስ ሳይንስ በዲግሪ ይሰጣል፤ ወንጀል መከላከል፣ ምርመራ፣ ሕግ፣ ሰብዓዊ መብት።

ሰንዳፋ የሚገቡት ደግሞ አዲስ ልጆች ብቻ አይደሉም። ዓመታት ጣቢያ የሠሩ፣ ከሥራ ወደ ትምህርት የሚመለሱ አሉ። እኔ እነሱን በጣም አከብራለሁ። ዲፕሎማ ይዞ የሚያስተምር ሰው ክረምት ሲመጣ ደብተር አንግቦ ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ልጅህ ቤት የቤት ሥራ ይሠራል፣ አንተም ትሠራለህ! አዲሱ ምልምል አንቀጹን ይሸመድዳል። አሥር ዓመት የሠራው ሳጅን ግን አንቀጹን ሲያነብ ሰው ይታየዋል፤ ቅዳሜ ማታ ተይዞ እስከ ማክሰኞ የቆየውን ልጅ ያስታውሳል። ትምህርት የጣቢያ ልማድን ሊቀይር የሚችለው በእንዲህ ዓይነቱ ሰው በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ልጅ ጣቢያ ሲመደብ የሚመስለው መጽሐፉን አይደለም፣ አለቃውን ነው።

ጊዜውም ቁም ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ፖሊስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ይማራል። አሜሪካ ውስጥ በአማካይ አምስት ወር ገደማ ነው። የሁለቱን አገር ፖሊስ ዜና የሚከታተል ሰው ልዩነቱን ራሱ ይፍረድ።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ፉሪ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ናት። ኦሮምኛ የሚናገር አለ፣ አማርኛ የሚናገር አለ፣ ጉራግኛ የሚናገር አለ፤ ትናንት የመጣ አለ፣ አያቱ እዚሁ የተወለዱ አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረው ይላል፤ 48 ሰዓቷም አለች፤ ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ እስረኛን የደበደበ ወይም ያሰቃየ ባለሥልጣን ራሱ ወንጀለኛ ነው። በኛ ሰፈር ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚችል፣ ሕጉን የሚያውቅ ፖሊስ ማለት ወርቅ ነው። የአንዲት እናት ልጅ በሰላም ቤቱ ማደር አለማደሩ በእሱ ሊወሰን ይችላል።

ስለዚህ ልጆች፣ መልሴ «ግቡ» ነው። ግን ሌላ ስላጣችሁ አትግቡ። ሌላ አጥቶ የገባ ሰው ንዴቱን ይዞ ይገባል፣ ንዴቱ የሚያርፈው ደግሞ ጉልበት በሌለው ሰው ላይ ነው። ሥራው ከሐኪም ሥራ አያንስም፤ በሰው አካልና በሰው ነጻነት ላይ እጅህን ታሳርፋለህ። ሐኪም ሳይማር አይቀድም፣ ፖሊስም ሳይማር መያዝ የለበትም። ገብታችሁ ስታበቁም ትምህርቱን አታቁሙ፤ ዕድል በተገኘ ቁጥር ተመለሱ።

ፖሊስ የሆናችሁ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁን በዩኒፎርም አይቼ ኮርቻለሁ። እስቲ ኮሌጅ የተማራችሁትና ጣቢያ ያገኛችሁት የት ላይ ይገናኛል፣ የት ላይ ይለያያል? እዚህ ካልተመቻችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ለታናናሾቻችሁ የምነግራቸው ከኔ ከታሪክ መምህሩ ይልቅ የናንተን ቢሆን ይሻላል።